ስለ ጫማ ጻፉ ቢባሉ ስብከት ጻፉ

ነገሩ በኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የተከፈተ የውይይት ክር ነው። ክሩን የከፈተችው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የምታስተምር መምህርት ናት። የሥነ ጽሑፍ ክበቡም በእሷ እጅ ነው። ለ11ኛ ክፍል ልጆች የፈጠራ ጽሑፍ ሥራ ሰጠች፦ በጣም የምትመኙትን አንድ ዕቃ ምረጡና ሁለት ገጽ ጻፉ። ጫማ ይሁን፣ ስልክ ይሁን፣ ቲክቶክ ላይ ያያችሁት ጃኬት ይሁን፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ወረቀቱ ተሰብስቦ ሲመጣ ግን ዕቃ የሚባል ነገር የለበትም። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ስለ ቁሳቁስ ከንቱነት ነው የጻፉት። ሰው በልብሱ አይለካም። የውጭ ባህል ወጣቱን እየበላው ነው። ስለዚህ ሁላችንም ለአገር ምርት ቅድሚያ እንስጥ። ከእነዚህ አንዱን የጻፈው ልጅ በዚያው ሳምንት ነጭ ስኒከሩን ረገጥክብኝ ብሎ ከጓደኛው ጋር ሊደባደብ ደርሶ እንደነበር መምህርቷ አክላለች። ልጆቹ ዋሹ አላለችም። እንዴት አድርጌ እውነቱን ላስጽፋቸው ነው ጥያቄዋ።

እኔ ክሩ ላይ የደረስኩት አርባ አንድ መልስ ከተደረደረ በኋላ ነው። ሁሉንም የማንበብ ትዕግሥት ለሌለው እነሆ ልተርከው። ማን እንዳሸነፈ የየራሳችሁን ፍርድ ስጡ፤ እኔ ግን የማደላለት ወገን እንዳለኝ ከአሁኑ ይታወቅ።

የመጀመሪያው መልስ ምስጋና ብቻ ነው። ሁለተኛው ሐዋሳ ከሚያስተምር መምህር የመጣ ነው። ነገሩን ከሥሩ ነው የያዘው። ልጆቹ ድርሰት ሲባል የሚያውቁት ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የዛፍ ጥቅም፣ የንጽሕና ጥቅም፣ የመረዳዳት ጥቅም ነው ይላል። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስለዚህ ሁላችንም የሚል ሐረግ ካልገባ ማርክ ይቀነሳል። እና ልጆቹ ምን አጠፉ? የሚከፈልበትን ዕቃ ነው ያቀረቡት፣ መምህሩ ገዢ ነው፣ ሸቀጡ ስብከት ነው። እዚህ ጋ ቆም ብዬ አጨበጨብኩለት። ስለ ሸማችነት ክርክር ሳይጀመር ክፍሉ ራሱ ገበያ መሆኑን አሳየን።

ቁጥር 3 ጥቂት አረመው። ጥፋቱ የአማርኛ መምህራን ብቻ አይደለም፣ ሚኒ ሚዲያውም አለበት ባይ ነው። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል፣ በዕረፍት ሰዓት፣ በዚያ በሚንጫጫ ስፒከር የሚነበበው ግጥም በሙሉ ምክር ነው። ስለ ራሱ ጉጉት የጻፈ ልጅ ማይኩ ፊት ቆሞ አያውቅም።

ክሩን ያሞቀው ቁጥር 4 ነው። ጸሐፊው ለዓመታት የሬዲዮ ማስታወቂያ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ምክሩም ከሙያው የወጣ ነው። ልጆቹን ስብከት አትጻፉ ማለት ዋጋ የለውም፤ ከስብከት ከልክለሽ ምን እንደምትፈልጊ ካላሳየሻቸው ሌላ ስብከት ያመጣሉ ይላል። ይልቅ መጀመሪያ ማስታወቂያ ይጻፉ። የሰላሳ ሰከንድ፣ እየተንጎራደደ የሚነበብ፣ ሳያልቅብዎ ይፍጠኑ የሚል እውነተኛ ማስታወቂያ። ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ይችሉበታል። ቀጥሎ ማስታወቂያው የዘለለውን ብቻ ይጻፉ። ማስታወቂያ የሚዘላቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው ብሎ ዘርዝሯል፦ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣ፣ ዕቃው ከሦስት ወር በኋላ ምን እንደሚመስል፣ ማን እንደሚያጥበው፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ መጨረሻ ላይ ለቁራሌው በስንት እንደሚሄድ። አንድ ሕግ ደግሞ ጨመረ። ከንቱ፣ ዘመናዊነት፣ ባህል የሚሉት ቃላት ሁለቱ ገጽ ውስጥ ከተገኙ ወረቀቱ ይመለስ።

ቁጥር 5 ወዲያው ተቃወመው። ድምፁ ጨዋ ነው፣ ግን ቆንጠጥ ያደርጋል። ልጆቹ በቀን ስንት ማስታወቂያ እየሰሙ ሳለ ክፍል ውስጥም ማስታወቂያ ማስጻፍ እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው ይላል። ለማስታወቂያ ጸሐፊ ተተኪ ማፍራት የአማርኛ መምህር ሥራ አይደለም አለና ጨረሰ። ማስታወቂያ ጸሐፊው ለዚህ አልመለሰም። ደግ አደረገ።

ቁጥር 6 ላይ ግን ጨዋነቱ አበቃ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ሃምሳ ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ ቀጣዩም ዓመት ከዚያ እንዳልተሻለ አስታወሰና፣ አገር እንዲህ እየወደቀ መምህር ስለ ስኒከር ድርሰት ያስጽፋል ወይ ብሎ አፈጠጠ። ጥያቄው ስድብ አለበት እንጂ ቀላል አይደለም። ወላጅ የሆነ ሁሉ በልቡ ይጠይቀዋል።

መልሱ በቁጥር 7 መጣ። ይሄኛው በፈተናው አሠራር ላይ ነው ያተኮረው። ብሔራዊ ፈተናው ከላይ እስከ ታች ምርጫ ነው። ልጁ ጥያቄ ያነባል፣ ከተሰጡት መልሶች አንዱን ይመርጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ በራሱ እንዲጽፍ አይጠየቅም። አማርኛ ደግሞ ጭራሽ ከመግቢያ ፈተናዎቹ መካከል የለበትም። ስለዚህ ሌሎች መምህራን ወደ ፈተናው ሲሮጡ፣ ልጅ ለማንም ፈተና ብሎ ሳይሆን የራሱን ነገር እንዲጽፍ ጊዜ ያለው የአማርኛ መምህር ብቻ ነው። ፈተናው ጨርሶ ያልነካው ቦታ ቢገኝ ይህ ነው፣ እሱንም አትውሰዱብን የሚል ነገር ነበረው። ቁጥር 6 ተመልሶ መጥቶ አዎ ልክ ነህ አላለም። ግን ቀዘቀዘ።

ከ8 እስከ 12 ያለው የጫማ ዋጋ ነው። እንደ ሁልጊዜው። አንዱ ኦሪጅናል ስንት ገባ ብሎ ጠየቀ፣ ሌላው ኦሪጅናል የሚባል ነገር ከተማው ውስጥ እንደሌለ፣ ያለው አንደኛ ደረጃ ኮፒ እና ሁለተኛ ደረጃ ኮፒ እንደሆነ ሊያስረዳው ሞከረ። ሦስተኛው ሰልባጅ ይሻላል፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ እውነተኛ ነበር አለ። ቀልዱ ጥሩ ነው። ቁጥር 11 ላይ አንድ ሰው ስለ ምናለሽ ተራ ያነሳው ግን ከቀልድ ያልፋል። መምህርቷ ልጆቹን መርካቶ ትውሰዳቸው ይላል። ምናለሽ ተራ ቆመው አሮጌ ቆርቆሮ ምድጃ ሲሆን፣ የመኪና ጎማ ተቀዶ በረባሶ ሲሆን፣ የተጣለ ሁሉ ሌላ ስም ይዞ ሲሸጥ ይዩ። ዕቃ ከሳጥኑ ሲወጣ ብቻ ነው ቲክቶክ ላይ የሚያዩት፤ መጨረሻውን ማየት አለባቸው። ከሰዓት በኋላ በአንድ ታክሲ የሚደረስ ትምህርት ነው። ቁጥር 12 ለክፍሉ ልጅ ሁሉ የታክሲ ሒሳብ ማን ይከፍላል ብሎ ጠየቀ። አሁንም የመለሰለት የለም።

ከዚያ አንድ አዛውንት ገቡ። ቁጥር 13 የሳቸው ነው። በዘመናቸው ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ናቸው። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም ብለው ወደ 1960 ዓ.ም. ወሰዱን። ያኔ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ሚኒስከርት የፋሽን ጣሪያ የነበረበት ጊዜ ነው። የተማሪው ንቅናቄ ትርኢቱን የባህል ወረራ ነው ብሎ ተነሣበት። ሰልፍ ሆነ፣ ግርግር ሆነ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። አዛውንቱ ይህን ያነሱት ወጣቱ ያኔ ለቁሳቁስ አይንበረከክም ነበር ለማለት ነው። የዛሬው ልጅ ለስኒከር ሲደባደብ ያኛው ትውልድ ለመርሕ ተደባደበ ነው ነገሩ።

ቁጥር 14 ላይ የመጣችው ሴት ይህን በአክብሮት አነበበች። አባቴ ብላ ነው የጀመረችው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ምላጭ ነው። በዚያ ቀን አዳራሹ ደጃፍ ላይ የተዋከቡት እነማን እንደነበሩ ጠየቀች። ሴቶቹ ናቸው። ትርኢቱን ያሰበችው ሴት፣ የለበሰችው ሴት፣ ልታይ የመጣችው ሴት። ሱፍ ለብሶ ከረባት አስሮ ሰልፍ የወጣውን ወንድ ልብስህ ከየት መጣ ያለው የለም። ዛሬም ይኸው ነው ትላለች። ሸማችነት ሲወገዝ ዱላው የሚያርፈው ሂውማን ሄር ላይ፣ ጥፍር ላይ፣ ሜካፕ ላይ ነው። የወንዱ ስልክ፣ የእንግሊዝ ክለብ ማሊያው፣ የውርርድ ቤት ትኬቱ ወግ ነው። መምህርቷ ከተሰበሰበው ወረቀት ውስጥ ስንቱ ስለ ሴት ልጅ ልብስ እንደሚናገር ትቁጠረው አለች። በጥያቄ ነው የተወችው።

አዛውንቱ ተመልሰው መጥተው፣ ያልሽው እውነትነት አለው፣ እኔም ያኔ ከተሰለፉት ነበርኩ ብለው ጻፉ። ቁጥር 16 ነው። ሁለት መስመር ብቻ። ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ያከበርኩት መልስ እሱ ነው። በመሐል ቁጥር 15 ላይ አንድ ጎረምሳ ስለ ሴትዮዋ የማይደገም ነገር ጽፎ ነበር። አወያዩ አጥፍቶታል፣ ቁጥሩ ብቻ ባዶውን ቀርቷል።

ቁጥር 17 ከኩዌት ነው። ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ክሩን ከመጀመሪያው እንዳነበበች፣ ስለ ጫማና ስለ ስልክ ሁሉም ሲከራከር የከፈለው ሰው አለመነሣቱ እንደገረማት ጻፈች። ወንድሟ 11ኛ ክፍል ነው። ስልኩን የላከችለት እሷ ናት። ሲያነሣው ለጓደኞቹ ዋጋውን በብር እንደሚነግራቸው ታውቃለች። እሷ ዘንድ ግን ያ ስልክ በወር ነው የሚቆጠረው። ወር ሲባል ደግሞ ሌሊት አስር ሰዓት ተነሥቶ የእንግዳ ዕቃ የሚታጠብበት፣ በረመዳን እስከ ንጋት የሚቆምበት ወር ነው። እሱ ስክሪኑ ሲሰበር ምንም ሳይመስለው ደወለላት። መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥላ ግን ራሷን ጠየቀች፤ ይህን ሁሉ ነግራው ታውቃለች? ስትደውል ደህና ነኝ ብቻ ነው የምትለው። ሥራውም ደህና፣ ሰዎቹም ደህና። እንግዲህ ልጁ ከየት ይወቀው? መምህርቷ ካስቻላት ልጆቹ ስለ ዕቃው ከመጻፋቸው በፊት ለላከው ሰው ደውለው እንዲጠይቁ ታድርግ ብላ ጨረሰች። ደውለው ምን ብለው እንደሚጠይቁም ጽፋለች፤ የዚህ ዕቃ ገንዘብ የተገኘ ቀን ምን ስትሠሪ ነበር?

ከዚህ በኋላ ያሉት ሦስት መልሶች እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ፣ ኮራንብሽ፣ አይዞሽ የሚሉ ናቸው። እኔም ብሆን ሌላ የምለው አላገኝም ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ልበል። ክሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ የመምህርቷ ጥያቄ ተመልሷል። የማስታወቂያ ጸሐፊው አምስት ጥያቄዎችና የኩዌቷ እህት አንድ ጥያቄ አንድ ላይ ሲቀመጡ ሙሉ የቤት ሥራ ናቸው። ስብከት ለሚባለው በር አይከፍቱም። ልጁ ማሰብ ያለበት ስለ ስኒከር ክፋትና ደግነት አይደለም፣ ስለዚህች ስኒከር ነው።

ግን መድረክ ነውና አላለቀም።

ቁጥር 21 ሜሪላንድ የሚኖር አባት ነው። ልጁ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች። የእንግሊዝኛ መምህሯ ተመሳሳይ ነገር አስጽፋት ነበር፤ ጥቁር ዓርብ በሚሉት የቅናሽ ቀን ማግሥት። የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ በቅናሽ ስለሚጋፋው ሕዝብ እየቀለዱ ሲጽፉ፣ እሷ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ተከፍቶ ስለተቀመጠ ሻንጣ ጻፈች። ለአዲስ አበባ መንገደኛ የተፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ግማሽ ኪሎ አለፈ። ምን ይውጣ? የአክስት ቫይታሚን ይውጣ ወይስ የአጎት ልጅ ጫማ? አባትየው ይህን የጻፈው ከኩራት ነው። እግረ መንገዱን ግን የሚጠቅም ነገር ተናገረ። እዚያ ያሉ ልጆች ስብከት አይጽፉም፣ ሹፈት ይጽፋሉ። ማሾፍም እንደ ስብከት መደበቂያ ነው። ከዕቃው ርቆ መቆም ነው። ሻንጣው ፊት መንበርከክ ይበልጣል።

ቁጥር 22 በዚህ ላይ ተነሣ። ስኒከሩንም አይፎኑንም የክብር መለኪያ ያደረጋችሁብን እናንተ ናችሁ አለ። በክረምት ትመጣላችሁ፣ ሰፈሩን በጫማ ታምሳላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ቁጥር 23 አባትየው ነው። ባዶ እጄን ብመጣስ ምን ትሉኝ ነበር? አለ። ቁጥር 24 ሁለቱም እውነታችሁን ነው ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረና ሁለቱም ተቆጡት።

በመሐል ቁጥር 25 ላይ አንዲት የኢኮኖሚክስ መምህርት የተከለከሉ ዕቃዎችን ዝርዝር አመጣች። ጥቅምት 2015 መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ አግዶ ነበር። አውቶሞቢል፣ ዊስኪ፣ ሽቶ፣ የሰው ጸጉር፣ ቸኮሌት። እገዳው የተነሣው ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ነው። ያኔ ደግሞ ዶላሩ ራሱ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ፤ ክልከላው ቀርቶ ዋጋው ከለከለ። ሐሳቧ ይህ ዝርዝር ክፍል ውስጥ ይነበብ ነው። ለግጥም የተጻፈ አይደለም፣ ግን አንድ መሥሪያ ቤት ለሕዝቡ የማያስፈልገው ነው ብሎ የፈረደበት ዕቃ ተራ በተራ ሲጠራ ግጥም ይሆናል። ልጆቹ የየራሳቸውን 38 ይጻፉ። በእናታቸው ቤት የሌለ፣ በልባቸው ያለ። እኔ ብሆን ከዚህ ክር ውስጥ ነገ ጠዋት የምሞክረው ይሄን ነበር።

ከዚያ የቢራ ወሬ መጣ፣ ያው እንደ ልማዱ። አንድ መምህር፣ አዋጅ 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከማውጣቱ በፊት፣ ሁለት መስመር ግጥም በቃሉ የማይዝ ተማሪ የቢራ ማስታወቂያን ከነዜማው ይዘልቀው እንደነበር አስታወሰ። ያን ጊዜ ማስታወቂያ ማስታወቂያ መሆኑ ይታወቅ ነበር ባይ ነው። ዜናው ይቋረጣል፣ ሙዚቃ ይገባል፣ ሰዎች እየሳቁ ብርጭቆ ያጋጫሉ። የዛሬው ማስታወቂያ ግን በጓደኛ ድምፅ ነው የሚመጣው። ቲክቶክ ላይ የምትወደው ልጅ ጠዋት ስለ እናቷ ሕመም ታወራለች፣ ማታ ስለ አንድ የፊት ክሬም ታወራለች፣ ድምፁ አንድ ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ያለን ውስን ፍሬ ነው ይሉና ዋጋውን በውስጥ መስመር ያደርጉታል። ልጁ ስለ ማስታወቂያ ጻፍ ሲባል የሚያስበው ቢልቦርድ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለውን አያየውም። ይህ ነጥብ ሊሰፋ ይገባው ነበር፣ ማንም አልተከተለውም።

አልተከተሉትም ምክንያቱም ቁጥር 27 ኮካን አነሣ። በ2006 ዓ.ም. ለተካሄደው የብራዚል የዓለም ዋንጫ ኮካ ኮላ የዘመቻ ዘፈኑን በየአገሩ ድምፃውያን ሲያዘፍን፣ ለኢትዮጵያ የተመረጠው ቴዲ አፍሮ ነበር። ተቀረጸ። ግን ሳይለቀቅ ቀረ። ኩባንያው ሥራው በሌላ ድርጅት በኩል እንደተሠራና ለዘፋኙም ክፍያው እንደተፈጸመ ተናገረ። አድናቂው ተቆጣ፣ ፌስቡክ ላይ ኮካ አንጠጣም የሚል ዘመቻ ተከፈተ። ቁጥር 27 ያኔ ተማሪ ነበር። እሱና ጓደኞቹ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ካለችው ሱቅ ኮካ ላለመግዛት ማሉ። እና ሚሪንዳ ጠጡ። አንድ ጠርሙስ አውግዘው ሌላ ጠርሙስ አነሡ፣ በኩራት። ይህን በዚያን ጊዜ የሚያስጽፈን መምህር ቢኖር ኖሮ ስለ ራሳችን ብዙ እንስቅ ነበር ይላል።

ከ28 እስከ 32 ያለውን ዝለሉት። ግማሹ ዘፈኑ ለምን ቀረ የሚል ግምት ነው፣ ግማሹ የድምፃዊው ደጋፊና ነቃፊ ነው። አንዱ ጭራሽ ፔፕሲ ይሻላል ብሎ ክርክር ጀምሯል። አወያዩ ሁለት ጊዜ ወደ ርዕሱ ተመለሱ አለ፤ የሰማው የለም።

ቁጥር 33 ላይ መምህርቷ ራሷ ተመለሰች። በመካከሉ የማስታወቂያ ጸሐፊውን ምክር ሞክራዋለች። መጀመሪያ ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ ማስታወቂያው የዘለለው። ማስታወቂያው ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው፤ የጎረቤት ክፍል መምህር መጥቶ በር አንኳኩቷል። ሁለተኛው ጽሑፍ ግን ዝም ያለ ሥራ ነበር። ግማሾቹ አሁንም ስብከት አመጡ። ተመልሶላቸዋል። ከመጡት መካከል የአንዱን ልጅ ጽሑፍ በራሷ ቃል አጠር አድርጋ ነገረችን፤ ልጁን ማንም እንዳያውቀው አንዳንድ ነገር እንደቀየረችም አስታውቃለች።

ልጁ ስለ ነጭ ስኒከሩ ነው የጻፈው። እሁድ ማታ የጫማውን ማሰሪያ ያወጣል። በኮልጌትና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ የጎማውን ዙሪያ ይፈገፍጋል፣ የላይኛውን በኦሞ ያጥባል። ሲጨርስ በነጭ ሶፍት ሙሉ በሙሉ ይጠቀልለዋል። ሶፍቱ ውሃውን እየሳበ ሲደርቅ ቢጫውን ይዞት ይወጣል፤ ካልተጠቀለለ ይበልዛል። እዚህ ድረስ ማንም ስኒከር ያለው ልጅ የሚያውቀው ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን ክፍሉ አያውቅም ነበር። ጫማው የሁለት ሰው ነው። ታላቅ ወንድሙ ማታ ይማራል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወንድሙ በካልሲ ሆኖ በር ላይ ይጠብቀዋል። ቁጥሩ 42 ነው፣ የወንድሙ ልክ። ልጁ 41 ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ጫፉ ላይ ሶፍት ይጠቀጥቃል፣ ማታ ያወጣል። ጓደኛው በዕረፍት ሰዓት የረገጠበት ጫማ የወንድሙም ነው። ያ ማክሰኞ ነበር፣ እሁድ ሩቅ ነው። ለዚህ ነው ሊማታ የደረሰው።

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ስለ ቁሳቁስ ከንቱነት የጻፈው ይኸው ልጅ ነው። ያ ስብከት ግን ስለ ልጁ አንድም ነገር አልነገረንም። መምህርቷ ይህን በአንድ መስመር ጠቅሳ አለፈች፣ እኔ ግን መስመሩን ደጋግሜ አነበብኩት። ቲክቶክ የጫማውን ስም አስተምሮት ይሆናል። ሶፍቱን ማንም አላስተማረውም። አንድ ነገር ሰውን እንዲህ ካደከመው ወዲያ ከንቱ ነው ብሎ መፍረድ ለእኔ ስንፍና ይመስለኛል። ቁጥር 5 ከዚህ በኋላም ሐሳቡን አልቀየረም። ቁጥር 34 ላይ መጥቶ፣ ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ማስታወቂያውን ሳይጽፍም ይመጣ ነበር አለ። ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን አይመስለኝም። ልጁ ማስታወቂያው ምን እንደዘለለ ለማየት መጀመሪያ መዝለል ነበረበት።

ቁጥር 35 የኩዌቷ እህት ናት። ወንድሟ ጋ ደውላ እንደነበር ብቻ ጻፈች። ምን እንደተባባሉ አልነገረችንም፣ የጠየቃትም የለም።

ቀጥሎ የተነሣው ክርክር ሌላ ነው፣ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ይመስለኛል። ርዕሰ መምህሩ ሥራውን ሰምተው ደስ ብሏቸዋል። በወላጆች ቀን በሚኒ ሚዲያው ይነበብ ብለዋል። በተለይ የጫማው። መምህርቷ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀች። ቁጥር 36 ይነበብ አለ፤ ልጁ ይኮራል፣ ሌላውም ይማራል። ቁጥር 37 ደነገጠ። ጫማው የሁለት ሰው መሆኑን ወላጅ በተሰበሰበበት ማወጅ ልጁን ዕድሜ ልኩን የሚከተል ቅጽል ስም መስጠት ነው ይላል። አንድ ጊዜ ስም ከወጣ ማን ያነሣዋል? የልጁ እናትም እዚያ ትቀመጣለች። ቁጥር 38 ልጁ ራሱ ይጠየቅ ባይ ነው። የቁጥር 14ቷ ሴት እንደገና ብቅ ብላ፣ ርዕሰ መምህር የወደደውን ነገር 11ኛ ክፍል ያለ ልጅ አይሆንም ሊል ይችላል ወይ ብላ ጠየቀች። ይሄን ማንም አልመለሰም። እኔም መልስ የለኝም። ግን የማደላው ለሷ ነው።

ቁጥር 40 ላይ የሐዋሳው መምህር መካከለኛ መንገድ አመጣ። ሁሉም ጽሑፍ ያለ ስም ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ማይክ አያስፈልግም፤ ማንበብ የፈለገ ቆሞ ያንብብ። መምህርቷ ይህን ወደደችው። በእጅ ጽሑፍ ከተለጠፈ ግን ማን እንደጻፈው በአምስት ደቂቃ ይታወቃል አለች፤ አንዱ የሌላውን ጽሕፈት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሲቀዳ የኖረ ክፍል ነው። ስለዚህ በኮምፒውተር ተጽፎ መውጣት አለበት። የሃምሳ ሁለት ልጅ ሁለት ሁለት ገጽ።

ቁጥር 41 በአካባቢዋ ባለ የጽሕፈት አገልግሎት መስጫ ማስጻፍና ማተም በገጽ ስንት እንደሆነ ጠየቃት። የማስታወቂያ ጸሐፊው ነው። ሒሳቡን ይላክልኝ፣ ዋጋውን ግን በውስጥ መስመር አታድርጊው ብሏል።